የላባ መንጠቆ

ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.
ከፍኖተ ሰላም በታች፣ ከላህ ወንዝ ዳር

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለያምሮት፣ ሊባኖስ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። በሄድሽበት አገር የሚጠብቅ አምላክ ይጠብቅሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽ አቻምየለሽም ደህና ናት። ከአጥሩ ማዶ ስታስል እሰማታለሁ፤ እሷም እኔ ሳስል ትሰማለች። አንነጋገርም።

ደብዳቤሽ በጁማ ሱቅ በኩል ደረሰኝ። ልጁ ሃያት እዚያው አገር ስላለች ለእኛም ፖስታ ቤት ሆነችልን። ጁማ «አያ ዘሩ፣ ስልክ ቢገዙ ይህን ሁሉ ወር አይጠብቁም ነበር» አለኝ። በስልክ የተናገረ ሰው ነገ አላልኩም ይላል፣ ወረቀት ግን አይክድም አልኩት። «እንግዲያ ጨርቄን በምጠቀልልበት አሮጌ ወረቀት ላይ የማን ቃል እንዳለ ልወቅ» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

የጠየቅሽኝን አንብቤያለሁ። ወንድምሽ መልካሙ ወደ ቀዬው እንዲመለስ ሽማግሎቹን እንድለምን ነው። አልለምንም። ነገሩ በባዕድ አገር ሆነሽ እንዳይለዝብብሽ ደግሜ ልጻፍልሽ።

በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ታቦታችን የሚያድርበት የድንጋይ በር ኩሬ ዓሣው ሁሉ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተገኘ። የጣት ያህሉ ጫጩት እንኳ አልቀረም። ዓሣ የሚገድለው የብርብራ ፍሬ እንደተወቀጠበት ልጅም ያውቃል። የሽማግሎቹ አለቃ አቶ ዳኘው አውጫጪኝ ጠራ። አገሩ ሁሉ ከዋርካው ሥር ሁለት ቀን ተቀመጠ፣ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። በሁለተኛው ቀን ስሟ የማይወጣው ጠቋሚ ወፍ መልካሙን ተናገረች። ማል ሲባል አልምልም አለ። ያልማለ ሰው በራሱ ላይ ፈርዷል። በሬውን ከፈለ፣ ከዕድር ወጣ፣ ወንፈል የሚገባለት አጣ፣ ሄደ። ይኸው ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ እኔም የተናገርኩትን አላጥፍም።

አሁን ኩሬው እያገገመ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በትል ሁለት ነጭ ዓሣ ያዝኩ። አንዱን ለእናትሽ በአጥሩ በኩል ብሰድላት ሳታየው መለሰችው። ላለፉት ሦስት ዓመታት እንዲሁ ነች።

የምትሠሪው ወንዝ ዳር ካለ ምግብ ቤት ነው ብለሻል። የምን ወንዝ ነው? ዓሣውስ ምን ዓይነት ነው? በዝርዝር ጻፊ።

አጎትሽ ዘሩ

*

ታኅሣሥ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአያ ዘሩ፣ ያሳደገኝን እጅዎን እስማለሁ። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያበርታልዎ።

ወንዙ ዓሲ ይባላል። ከተራራ ሥር ፈልቆ የሚወጣ ነው፣ በበጋ እንኳ እጅ ያደነዝዛል። ዓሣው ትራውት የሚሉት ነው። በእኛም አገር በባሌ ተራራ አለ አሉኝ፤ እኔ አላውቅም። ሲይዙት ጎኑ እንደ ቀስተ ደመና ያበራል፣ በላዩ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ቅርፊቱ ከመድቀቁ የተነሳ ቆዳ ይመስላል። ውሃ ትንሽ ሲሞቅበት ይሞታል። ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አድርጎ ነው የሚቆመው። እርስዎ ልጅ ሳለሁ «ዓሣን ከኋላው ቅረቢው» ይሉኝ የነበረው እዚህም ይሠራል።

ወደ ወንዙ መውረጃው ደረጃ የለውም። በሲሚንቶ የተለሰነ ለስላሳ ተዳፋት ነው፣ ጫፉ ላይ ባለ መደገፊያ የእንጨት መድረክ አለ። ባለ መንኮራኩር ወንበራቸውን በእጃቸው እየገፉ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ እሑድ እሑድ ይመጣሉ፣ እስከ ውሃው አፋፍ ደርሰው ያጠምዳሉ። ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ መንጠቆውን እኔ አስርላቸዋለሁ፤ እርስዎ ባስተማሩኝ አስተሳሰር። «ይህን ቋጠሮ ማን አሳየሽ?» አሉኝ። አጎቴ አልኳቸው። «ዓሣ አጥማጅ ነው?» አሉ። ዳኛም ነው አልኳቸው።

ከእሑድ በቀር ወንዙን በመስኮት ነው የማየው። ዓሣው በሲሚንቶ ገንዳ የሚቀመጥበት፣ የምናጸዳበትና የምንተኛበት ግቢ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ስልኬን የምግብ ቤቱ ባለቤት ማዳም ከፓስፖርቴ ጋር አስቀምጣዋለች። ኮንትራቴ ግንቦት ላይ ያልቃል።

አያ ዘሩ፣ እናቴ ብቻዋን ናት። መሬቱን የሚያርሰው ባለ እኩል ነው። መልካሙ መራዊ አጠገብ ባለው ቆጋ መስኖ ላይ የሰው ሽንኩርት ሲኮተኩት አራተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው። አንድ ቀን ለአቶ ዳኘው አንድ ቃል ቢናገሩለት ምን ይጎድልብዎታል?

ልጅዎ ያምሮት

*

መጋቢት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለያምሮት።

ጾሙን በሰላም አድርሶ ለትንሣኤው ያብቃሽ። እዚያ ጾም የሚጾምበት ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የዓሣ መረቅ እንዳትቀምሺ። በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልከራከርም፣ አልበላምም። ወንዝ ዳር ግን እቀመጣለሁ፤ ማየት አያስገድፍም።

ስለ ትራውቱ የጻፍሽው ጥሩ ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ምን ይበላል? ትል ይወስዳል? አፉ ወደ ታች ነው ወይስ ወደ ፊት? ሽማግሌው በምን ያጠምዳሉ? ከመያዙ በፊት ክሩን ይነካካል ወይስ በአንድ ጊዜ ይጎትታል? አንቺ ዓሣ ሲጎትት እጅሽ የሚያውቅ ልጅ ነበርሽ፤ አሁን እንደ ከተማ ሰው ቀለሙን ብቻ ነገርሽኝ።

በሩ ይቆለፋል ስላልሽው፣ ባለቤቲቱ ምክንያት ይኖራታል። ግንቦት ሩቅ አይደለም፣ ቻይው።

ስለ ወንድምሽ መልሴ የበፊቱ ነው። አንድ ቃል ምን ይጎድልብዎታል ብለሻል። ለአንዱ ሲባል ፍርድ ከታጠፈ ከርሞ ደግሞ ሌላው ይወቅጣል። ላህን የሚጠብቅ ሌላ ማን አለ? ሰፈሩ «የዓሣ ንስሐ አባት» ብሎ ሲቀልድብኝ እሰማለሁ። ይቀልድ።

ዘሩ

*

ግንቦት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ዘሩ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ትራውት አፉ ወደ ፊት ነው። ውሃ ላይ የምታርፍ ዝንብ ይበላል። ሽማግሌው የሚያጠምዱት በትል አይደለም፤ መንጠቆ ላይ የዶሮ ላባ በክር ጠምጥመው ዝንብ አስመስለው ነው። አሠራሩን አሳዩኝ። አንዱን ሠርቼ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ልኬልዎታለሁ፤ ላባው ከሚታረዱት ዶሮዎች የአንዱ ነው። ሲይዝ አይነካካም። አንድ ጊዜ ነው።

ሌላውን የምነግርዎ ስለ መልካሙ ደግ ነገር ሲነግሩኝ ነው። እርስዎ ከእኔ የሚፈልጉት ዓሣ ነው፣ እኔ ከእርስዎ የምፈልገው ወንድሜን ነው። ዓሣ በነፃ ስሰጥዎ ቆይቻለሁ።

ኮንትራቴ አለቀ። ማዳም «ተኪ እስክትመጣ» አለች። ተኪዋ መቼ እንደምትመጣ ብጠይቃት በሩን እያሳየች «ሂጂ እንግዲህ» ብላ ሳቀች። በሩ ተቆልፎ ነበር።

አንድ ልመና አለኝ። ጁማ ለሃያት ዕቃ ሲልክ፣ አንድ ሁለት እፍኝ የብርብራ ፍሬ በላስቲክ ቋጥረው ይጨምሩልኝ። እባክዎ ቶሎ ይሁን።

ያምሮት

*

ጥቅምት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለያምሮት።

የግንቦቱ ደብዳቤሽ የደረሰኝ በመስከረም ማብቂያ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ በጦርነቱ መንገድ ተዘግቷል፣ ስልክ ያላቸውም እንደ እኔ ሆነዋል። ጁማ ከቡሬ ዕቃ አላመጣም፤ ሱቁን ግማሽ በር ከፍቶ ይቀመጣል። ይህንንም ደብዳቤ መቼ እንደሚያሻግረው አያውቅም። ከድልድዩ ወዲያ ማለፍ ስለማይቻል ድንጋይ በርን ካየሁት ሦስት ወር ሆነኝ። ከቤቴ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። የላክሽው የላባ መንጠቆ ዳዊቴ ውስጥ ተቀምጧል።

ብርብራ አልልክም። ለምን እንደፈለግሽው ሳትጽፊ ቀርተሻል፤ መጻፍም አላስፈለገሽ። የተቆለፈ በር፣ የሳቀች እመቤት፣ በሲሚንቶ ገንዳ የታጨቀ ዓሣ። እኔ ሞኝ አይደለሁም። አንድ ማለዳ ዓሣው ሁሉ ተገልብጦ ሲገኝ በሩ የሚከፈትልሽ ወደ ወህኒ ቤት ነው። በዚያ አገር ደግሞ አውጫጪኝ የለም፤ በቀጥታ አንቺን ነው የሚይዙት፣ ሐበሻዪቱን።

ይህን የሚሠራ ሰው አይሰወርም። እንዴት እንደማይሰወር ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት ነው።

በዚያ አውጫጪኝ ወፏ እኔ ነበርኩ።

አንድ በአንድ እየተጠራን ከዋርካው ጀርባ ለአቶ ዳኘውና ለሁለት ሽማግሎች ስንናገር፣ እኔ መልካሙን ተናገርኩ። የተናጋሪው ስም አይወጣም፤ «ወፍ ነገረችን» ይባላል፣ ሕጉ ነው። ከእናትሽ አመድ መድፊያ ላይ የብርብራ ልጣጭ አይቼ ነበር። በዚያው ጠዋት መልካሙን ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ከወንዝ ሲወጣ አገኘሁት። የእኅቴ ልጅ ነው ብዬ አልተውኩም። ዘመዱን የሚሸሽግ ሰው ስለ ሌላው መመስከር አይችልም። እናትሽ ይህን ጠርጥራ ነው ዓሣዬን የምትመልሰው፣ ልቧ አውቋል። አልተጸጸትኩም።

ስለዚህ ከዚህ ሐሳብ ተመለሺ። በዚህ የምትታዘዢኝ ከሆነ ስለ ወንድምሽ ነገር አስብበታለሁ።

ዘሩ

*

የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ዘሩ።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ፤ ሃያት በራሷ እጅ አመጣችው፣ ማዳም በአጥሩ ብረት በኩል እንድቀበላት ፈቀደች።

ብርብራ የፈለግሁት ለቅማል ነበር። አምስት ሴቶች በአንድ ክፍል እንተኛለን፤ አዲስ የመጣች አንዲት ልጅ ይዛ መጣች፣ ሁላችንን ወረሰን። ማዳም መድኃኒት አልገዛም፣ ተላጩ አለች። ፀጉሬን ያውቁታል፣ እናቴ ስትሠራኝ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። እናቴ የቤቱን ሁሉ ቅማልና መዥገር የምታጠፋው በብርብራ እንደሆነም ያውቃሉ። መጻፉ አሳፍሮኝ ተውኩት። የእርስዎ መልስ ሳይደርስ በሐምሌ ላጩኝ።

አያ ዘሩ፣ እርስዎ ብርብራ ሲሰሙ የሚታይዎ የሞተ ዓሣ ብቻ ነው። ያኔም እንዲሁ ነበር።

አሁን እርስዎ ስለ ነገሩኝ እኔም ልንገርዎ። ያንን ብርብራ የወቀጥኩት እኔ ነኝ። ለሁለቱ በሬና ለጥጃዋ መዥገር ነው፤ ቀብቼ ሳበቃ ግማሽ ሙቀጫ ተረፈ። ለጥምቀት በርበሬ መውቀጥ ስለነበረብን፣ ሙቀጫውን ተሸክሜ ከድንጋይ በር በላይ ካለችው ቦይ ወሰድኩና አለቀለቅሁት። ቦይዋ ወደ ኩሬው እንደምትገባ አላሰብኩም። መልካሙ በማግሥቱ ጠዋት ዓሣው ሲንሳፈፍ አይቶ ሮጦ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ያልሞቱትን ወደ ታች፣ ንጹሕ ውሃ ወዳለበት በእጁ እየሰደደ ነበር። ሱሪው የራሰው በዚህ ነው። ቤት ሲመለስ ሙቀጫው ታጥቦ አየና ገባው። «ዝም በይ» አለኝ። እኔ ያኔ ታጭቼ ነበር። የታቦት ማደሪያ መረዘች የተባለች ሴት ማን ያገባታል? ማል ሲሉት፣ እሱ እንዳላደረገው ቢምል ቀጥለው የሚያስምሉት ቤተሰቡን ነው፤ ስለዚህ አልምልም አለ። በኋላ እጮኛዬም የተባረረ ሰው እኅት አላገባም ብሎ ቀረ። እኔም በሬውን መልሼ እገዛለሁ ብዬ ወጣሁ።

እርስዎ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለው ጽፈውልኛል። የጠፋነው እኛ ነን። እናቴ ሁለት ነው የወለደችው።

ሽማግሌው ብርዱ ከገባ ወዲህ አልመጡም። የእንጨቱ መድረክ በረዶ ይዞታል። ዓሦቹ ገንዳው ውስጥ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ቆመዋል።

ያምሮት

*

ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከላህ ወንዝ ዳር

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለያምሮት።

የክርስቶስ ትንሣኤ ከሃዘንሽ ያንሣሽ። ደብዳቤሽ ለሆሳዕና ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያውን ጊዜ ስሕተት ፍለጋ ነበር ያነበብኩት። በጥር የላህ ውሃ ቀጭን ነው፣ ቦይዋም የምትገባው በኩሬው ራስ በኩል ነው፤ ግማሽ ሙቀጫ ይበቃል። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚህ አገር የለም። ያኔ አላሰብኩትም። ዓሣ አውቃለሁ ስል የሰውን ነገር ያወቅሁ መሰለኝ።

አውጫጪኙ ዳግም ይጠራ ብዬ አቶ ዳኘው ዘንድ ሄድኩ። «ሦስት ሰው አብሮ ቆሞ ማውራት በሚያስፈራበት ጊዜ አገር ሰብስብ ትለኛለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ከዳግም ትንሣኤ ቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ሳይወጣ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆምኩ። ወፏ እኔ ነበርኩ አልኩ። የተናገርኩት ያየሁትን አይደለም፣ የመሰለኝን ነው አልኩ። ብርብራው ለመዥገር እንደነበረ፣ ሙቀጫ ሲለቀለቅ በስሕተት ከውሃ እንደገባ፣ መልካሙም የረጠበው ዓሣ ሲያድን እንደሆነ ተናገርኩ።

አቶ ዳኘው «አያ ዘሩ፣ ወፍ ራሷን ከገለጠች ሕጉ ፈረሰ» አለ። ይፍረስ አልኩት። «ሙቀጫውን ያጠበውስ ማን ነው?» ሲለኝ፣ ዛሬ ወፍ ሆኜ አልመጣሁም አልኩት። ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፣ ሌሎቹም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀኝም።

በሐሰት የመሰከረ፣ የተመሰከረበት ሰው ያጣውን ይከፍላል። ይህን ሕግ ራሴ በየሸንጎው ስጠቅሰው የኖርኩት ነው። አንዱን በሬዬን፣ ቦራውን፣ ፈትቼ በእናትሽ በረት አሰርኩት። መልካሙ ወደ ዕድር ተመልሷል፤ ስሙን ሲጽፉ አይቻለሁ። ወደ መራዊ በእግሩ የሚሄድ አንድ ነጋዴ አግኝቼ ቃል ልኬበታለሁ፤ ይቅር በለኝ የሚለውንም ጨምሬ። እስካሁን መልስ የለም። መንገዱ ይሁን ልቡ የዘጋው አላውቅም። ሁለቱም ቢሆን አልወቅሰውም።

ከዚህ በኋላ ወደ ድንጋይ በር ሄድኩ። ድልድዩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ልጅ አስቆመኝና «ምን ይዘዋል አባት?» አለኝ። ላባ አልኩት። ዳዊቱን ከፍቼ አሳየሁት። ከመንጠቆው ይልቅ ፊቴን ሲያይ ቆየና እስከ ቀትር እንድመለስ ነግሮ አሳለፈኝ።

በአንቺ መንጠቆ ነው ያጠመድኩት። ከኋላው ቀረብኩት፣ ጥላዬን ሰበሰብኩ፣ ላባውን ውሃው ላይ አሳረፍኩት። የእኛ ነጭ ዓሣ ትራውት አይደለም፣ መጀመሪያ አፈገፈገ። በአራተኛው ውርወራ መጣ። እንዳልሽው አልነካካም፤ አንድ ጊዜ ነው። የክንድ ያህል ነበር።

ለእናትሽ በአጥሩ በኩል አልሰደድኩትም። ዞሬ በደጃፏ ገባሁ። ለረጅም ጊዜ አየችውና ተቀበለችኝ። ግማሹን ድስት ውስጥ ጨመረች፣ ግማሹን ሰንጥቃ በጨው አሽታ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው።

«ይሄስ?» አልኳት።

«የመልካሙ ነው» አለች። «እስኪመጣ ይደርቃል።»

በአራት ዓመት ውስጥ የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው።

ስለ ፓስፖርትሽ ላደርግልሽ የምችለው የለኝም። ይህን መጻፍ ይከብደኛል። የጻፍኩት በዚያኛው ደብዳቤ «ምክንያት ይኖራታል» ያልኩሽን ለመሰረዝ ነው፤ ምክንያት የላትም። ሽማግሌው በበጋ ከተመለሱ፣ መንጠቆ ስታስሪላቸው የተቆለፈውን በር ንገሪያቸው። አላፊ አግዳሚ የሚያየው መድረክ ላይ ቆመሽ ንገሪያቸው፣ አትፈሪ። ወፍ አትሁኚ፤ በስምሽ ተናገሪ።

ጁማ መንገድ ባገኘ ዕለት ይህ ይወጣል። ብርብራውን ልኬልሻለሁ፤ እናትሽ ራሷ ወቅጣ በጣሳ አሽጋዋለች። በደረሰ ጊዜ ፀጉርሽ በቅሎ ይሆናል። በውሃ ለውሰሽ ተቀቢው፣ ዓይንሽን ጠብቂ። ስታበቂ ጣሳውን ከገንዳውም ከወንዙም ርቀሽ በደረቅ መሬት ላይ እጠቢው፣ እጣቢውንም አፈር አልብሺው። ይህን ሳልነግርሽ እንደምታውቂ አውቃለሁ።

የሚጠብቅሽ አጎትሽ
ዘሩ